ሁለተኛ ምርጫህን ማን ጠየቀህ?

በ2024 ኦክቶበር ላይ አትላንታ የሚኖር አብሮ አደጌ ደወለልኝ። ቅር ብሎታል። ቅዳሴ አልቆ ቡና ላይ ተቀምጠው የምርጫ ወሬ ተነሥቷል። እሱም የሆዱን ተናገረ። «ትራምፕንም ሃሪስንም አልፈልግም። ድምፄን ለትንሽ ፓርቲ ልሰጥ ነው» አለ። አንዱ ከወዲህ «እንግዲያው ለትራምፕ ሰጠህ ማለት ነው» አለው። ሌላው ከወዲያ «ኧረ ለሃሪስ ነው የሰጠኸው» አለው። ሁለቱንም ሰምቶ ዝም አለ። ማታ ላይ ግን ስልኩን አነሣና «ያለችኝ አንዲት ወረቀት ናት። እንዴት ነው ለሁለቱም የምትቆጠረው?» ብሎ ጠየቀኝ።

የዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም። ይህን የምጽፈው በደንብ ልመልስለት ብዬ ነው። («ዓ.ም.» ካልኩት በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ዓመት ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በግሉ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ነበር። መጀመሪያ የፈሩት ዴሞክራቶች ናቸው። የኬኔዲን ስም የያዘ ሰው የባይደንን ደጋፊዎች ይወስድብናል አሉ። ቆይቶ ሪፐብሊካኖችም ፈሩት፤ መንግሥትንና ክትባትን የሚጠራጠረውን የትራምፕ ደጋፊ ይሻማናል አሉ። ኦገስት 23 ቀን ፊኒክስ ላይ ዘመቻውን አቆመና ትራምፕን ደገፈ። እኔን ያስገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፉክክሩ በጠበበባቸው አሥር ገደማ ግዛቶች ስሜን ከድምፅ መስጫው ወረቀት አንሡልኝ አለ። በሌሎቹ ይቆይልኝ አለ። ኒው ዮርክ ላይ ስሜን መልሱልኝ ብሎ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ሚሺጋንና ዊስኮንሰን ላይ ደግሞ ስሜን ሰርዙልኝ ብሎ እዚያው ፍርድ ቤት ሄደ። በሦስቱም አልተሳካለትም። ኖርዝ ካሮላይና ላይ ግን የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። የታተመው ወረቀት ቀርቶ አዲስ መታተም ነበረበት። በፖስታ የሚላከው ድምፅ መስጫም ሁለት ሳምንት ገደማ ዘገየ።

አንድ ተወዳዳሪ እዚህ ምረጡኝ፣ እዚያ አትምረጡኝ ብሎ በየፍርድ ቤቱ ሲዞር፣ ግራ የተጋባ ሰው ሊመስል ይችላል። ግራ አልተጋባም። የአሜሪካን ምርጫ ሂሳብ ጠንቅቆ ያውቃል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት 538 ወኪል መራጮች ናቸው። ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ከ50ዎቹ ግዛቶች 48ቱና ዋሽንግተን ዲሲ በክልላቸው አንደኛ ለወጣው ሰው ወኪሎቻቸውን በሙሉ ይሰጣሉ። ሜይንና ነብራስካ ብቻ ከፊሉን በየምርጫ ወረዳው ያከፋፍላሉ። አንደኛ ለመውጣት ደግሞ ከግማሽ በላይ ድምፅ አያስፈልግም። ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃል።

ይህ ምን እንደሚያመጣ በእድር እንየው። መቶ አባላት ያሉት እድር ዳኛ ሊመርጥ ነው። ስልሳዎቹ መዋጮው ይቀነስ ባዮች ናቸው። አርባዎቹ ይጨመር ባዮች ናቸው። ይጨመር የሚሉት አንድ ሰው ብቻ አቆሙ። ይቀነስ የሚሉት ግን ሁለት ሰው አቆሙና 35 እና 25 ሆነው ተከፋፈሉ። አርባው አሸነፈ፣ መዋጮውም ተጨመረ። ስልሳ ሰው የማይፈልገው ነገር ሲጸና ማንም አላጭበረበረም። ኮሮጆ አልተገለበጠም። ደንቡ ራሱ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንዲመረጡ ይላል። ከሌሎቹ የበለጠ ያገኘ ያልፋል፤ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን አራት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ቅንጅት ብለው በአንድ ስም የወጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሂሳብ ነበር።

አሁን ወደ አብሮ አደጌ ልመለስ። አትላንታ ባይሆን፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢኖር ኖሮ ቡናው ላይ ያን ያህል ባልተቆጡት ነበር። በ2020 ባይደን ሜሪላንድን ያሸነፉት ከ1 ሚሊዮን በላይ በሆነ የድምፅ ብልጫ ነው። እዚያ አንድ ሰው ለማንም ቢሰጥ ውጤቱ ንቅንቅ አይልም። አትላንታ ያለችበትን ጆርጂያን ያሸነፉት ግን ከ5 ሚሊዮን ገደማ መራጭ ውስጥ በ11,779 ድምፅ ነው። ኬኔዲ በአንዱ ግዛት ልቆይ፣ በሌላው ልውጣ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ድምፅ የሚከፋፈለው የትም ቢሆንም፣ መከፋፈሉ የሚጎዳው ልዩነቱ በጠበበበት ቦታ ነው።

«ለሦስተኛው ሰጠህ ማለት ለእገሌ ሰጠህ ማለት ነው» የሚለውም አባባል በሂሳብ ስሕተት ነው። አብሮ አደጌ ሦስተኛው እጩ ባይኖር ሃሪስን ይመርጥ ነበር እንበል። ለሦስተኛው ሲሰጥ ሃሪስ አንድ ድምፅ ጎደላቸው። ትራምፕ ላይ ግን የተጨመረ የለም። ለትራምፕ ሰጥቶ ቢሆን ከሃሪስ አንድ ጎድሎ ለትራምፕም አንድ ተጨምሮ ልዩነቱ ሁለት ይሆን ነበር። ስለዚህ ጉዳቱ ግማሽ ነው። ሁለተኛ ምርጫው ትራምፕ ከሆነ ደግሞ የተጎዱት ትራምፕ ናቸው። ሁለተኛ ምርጫው ቤት መቀመጥ ከሆነ ማንም ምንም አልጎደለበትም። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በሁለተኛ ምርጫው ላይ ነው። ቡናው ላይ ግን አንዱም «ሁለተኛ ምርጫህ ማን ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። ወረቀቱም አይጠይቀውም።

ይህን ይዘን ፍሎሪዳ 2000ን እንይ፤ ስለ ሦስተኛ ፓርቲ ሲወራ ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነውና።

ዴሞክራቱ አል ጎር በአገር አቀፍ ድምፅ ከሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ በልጠው ነበር። ፍሎሪዳን ግን በ537 ድምፅ ተሸነፉ። ፍሎሪዳ 25 ወኪል መራጮች ነበሯት። በእሷ ምክንያት ቡሽ 271 ይዘው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እዚያው ፍሎሪዳ የአረንጓዴ ፓርቲው ራልፍ ናደር 97,488 ድምፅ አግኝተዋል። ናደር የዋዛ ሰው አልነበሩም። የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ ናቸው። በ1960ዎቹ የመኪና ፋብሪካዎችን ተጋፍጠው የአሜሪካ መኪና የደህንነት ሕግ እንዲወጣለት ትልቁን ድርሻ የተወጡ ጠበቃ ናቸው። ዛሬ ቀበቶ አስሮ የሚነዳ ሁሉ የእሳቸው ባለዕዳ ነው ብል አላጋነንኩም። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ብዙ ዴሞክራት የሚያስታውሳቸው ጎርን የጣሉ ሰው አድርጎ ነው።

ከ97 ሺህ ውስጥ 537 ፈልጎ ማግኘት ቀላል ይመስላል። ሆኖም የናደር መራጮች ሁሉ የጎር ሰዎች አልነበሩም። ሁለት የፖለቲካ ሳይንስ ሊቃውንት የፍሎሪዳን የድምፅ ወረቀቶች ራሳቸውን አጥንተዋል። የናደር መራጭ በሌሎቹ የምርጫ ወንበሮች ላይ ለማን እንደሰጠ አዩ። ናደር ባይኖሩ ኖሮ ከእነዚህ መራጮች 60 በመቶ ያህሉ ወደ ጎር፣ 40 በመቶ ያህሉ ወደ ቡሽ ይሄዱ ነበር ብለው ገመቱ። ብዙ ሰው ከሚያስበው በጣም የተቀራረበ ነው። ግን 537ን ለመሸፈን ከበቂ በላይ ነው። ከመራጮቹ ብዙዎቹ ቤት ቢውሉ እንኳ ጎር ያሸንፉ ነበር። ስለዚህ እቅጩን እንነጋገር ከተባለ፣ ናደር ባይወዳደሩ ጎር ፕሬዚዳንት ይሆኑ ነበር። የናደር ደጋፊዎች ይህን ሲክዱ ልክ አይመስሉኝም።

ዴሞክራቶችም ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ሲዘጉት ልክ አይደሉም። ፍሎሪዳ ወረቀት ላይ ስማቸው ከነበረ ትንንሽ ፓርቲዎች ሁሉ ከ537 በታች ያገኘ አልነበረም። ማንም የማያውቃቸው የሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ እጩ እንኳ 562 አግኝተዋል። ፓልም ቢች በምትባለው ካውንቲ ደግሞ የወረቀቱ አሠራር ሰው አሳስቷል። ስሞቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው፣ የሚበሳው ቀዳዳ መሃል ላይ ነበር። የጎር ስም በግራ በኩል ሁለተኛ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ግን በቀኝ በኩል የተጻፉት የቀኝ አክራሪው የፓት ቡካነን ነበር። በዕድሜ የገፉ አይሁዶች በብዛት በሚኖሩበት በዚያ ካውንቲ ቡካነን 3,407 ድምፅ አገኙ። ቡካነን ራሳቸው በቴሌቪዥን ቀርበው ከእነዚህ ብዙዎቹ ለእኔ የታሰቡ አይመስለኝም አሉ። ይህ ብቻውን 537ን ስድስት ጊዜ ይሸፍናል። ጎር የራሳቸውን ግዛት ቴነሲንም ተሸንፈዋል። ቴነሲን ቢያሸንፉ ፍሎሪዳ አታስፈልጋቸውም ነበር። ኒው ሃምፕሺርን በ7,211 ድምፅ አጡ፤ ናደር እዚያ 22,198 አግኝተዋል። ያቺ ትንሽ ግዛት ከነአራት ወኪሎቿ ብቻዋን ትበቃቸው ነበር። ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ መንስኤ ያልሆነ ነገር አይኖርም። ከእነዚህ ሁሉ መንስኤዎች አንዱን ሰው መርጦ ሃያ አምስት ዓመት መውቀስ ፍርድ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ የፍሎሪዳ ስሌት እንደ ልማድ ሆነ። አንድ ፓርቲ በተሸነፈ ቁጥር ልዩነቱን ያይና የሦስተኛውን ድምፅ ከጎኑ ያስቀምጣል። የሚበልጥ ከሆነ «ይኸው ቀሚው» ይላል። በ2016 ዴሞክራቶች ያደረጉት ይህንን ነው። ሂላሪ ክሊንተን ሚሺጋንን በ10,704፣ ዊስኮንሰንን በ22,748፣ ፔንሲልቬኒያን በ44,292 ድምፅ ተሸነፉ። የአረንጓዴ ፓርቲዋ ጂል ስታይን በቅደም ተከተል 51,463፣ 31,072 እና 49,941 አግኝተዋል። በሦስቱም ይበልጣል። ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል።

ግን ቁጥሩን ረጋ ብለን እንየው። ክሊንተን ለማሸነፍ ሦስቱም ግዛቶች ያስፈልጓቸው ነበር። ፔንሲልቬኒያ ላይ ከስታይን መራጮች አንድም ሰው ወደ ትራምፕ ሳይሄድ፣ ከመቶው 89ኙ ወጥተው ለክሊንተን መምረጥ ነበረባቸው። አምስቱ ብቻ ወደ ትራምፕ ቢሄዱ ደግሞ ከቀሩት 95 ሰዎች 94ቱ ያስፈልጓቸዋል። ሁለቱንም ትልልቅ ፓርቲዎች ጠልቶ የወጣ ሰው እንዲህ በአንድ እግሩ አይቆምም። በዚያ ላይ የሊበርታሪያን ፓርቲው ጋሪ ጆንሰን ነበሩ። እሳቸው በፔንሲልቬኒያ ብቻ ከ146 ሺህ በላይ አግኝተዋል። የመንግሥትን እጅ የሚጠላ መራጭ በብዛት ወደ ሪፐብሊካን ያደላል። ስታይንን ከወረቀቱ ካነሣን ጆንሰንንም ማንሣት አለብን። ያኔ የትራምፕ ልዩነት ሊሰፋ ሁሉ ይችል ነበር። በ2000 ናደር ላይ የቀረበውን ክስ እቀበላለሁ። በ2016 ስታይን ላይ የቀረበውን ግን አልቀበልም።

ሪፐብሊካኖችም የራሳቸው ናደር አላቸው። በ1992 የቴክሳሱ ቢሊየነር ሮስ ፔሮ 18.9 በመቶ ድምፅ አገኙ። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው የመረጣቸው። አንድም ግዛት ስላላሸነፉ ግን አንድም ወኪል መራጭ አላገኙም። ዴሞክራቱ ቢል ክሊንተን በ43 በመቶ ድምፅ 370 ወኪል ይዘው ዋይት ሃውስ ገቡ። የያኔው ፕሬዚዳንት አባ ቡሽ በፔሮ ተሰርቀው ነው የወደቁት የሚል ሰው እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ምርጫ ቀን ግን መራጮች ከድምፅ መስጫ ሲወጡ ተጠይቀው ነበር። ከፔሮ መራጮች 38 በመቶው ፔሮ ባይኖሩ ቡሽን፣ 38 በመቶው ክሊንተንን እንመርጥ ነበር አሉ። የቀረው አንመርጥም ወይም ለሌላ እንሰጣለን አለ። እኩል በእኩል! ሁለተኛ ምርጫው ሲጠየቅ ክሱ ጉም ሆነ።

ስለ ፔሮ ሌላም የምለው አለኝ። በዚያ ዓመት ቴሌቪዥን ላይ የግማሽ ሰዓት ጊዜ በገንዘባቸው እየገዙ በሥዕላዊ መግለጫ ስለ መንግሥት ዕዳ አስተማሩ። ማስተማር የምለው በእውነት ነው። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ሊነኩት ያልፈለጉትን ርእስ የእራት ገበታ ወሬ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ፓርቲዎች ያን 19 በመቶ ለመሳብ ስለ በጀት ጉድለት መናገር ግዴታ ሆነባቸው። በ1998 የአሜሪካ በጀት ትርፍ አሳየ። የፔሮ ሥራ ብቻ ነው አልልም፤ ኢኮኖሚው ራሱ አድጎ ነበር። ድርሻ የላቸውም ብሎ መከራከር ግን ይከብዳል። አንድም ወኪል ሳያገኙ!

በእኔ ግምት የሦስተኛ ፓርቲን ጥያቄ በእውነት ከባድ የሚያደርገው ግን 1844 ነው። በዚያ ዓመት ሄንሪ ክሌይ እና ጄምስ ፖልክ ተፋጠጡ። ሁለቱም ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ። ፖልክ ባርነት የሰፈነባትን ቴክሳስን ወደ አሜሪካ እጨምራለሁ ባይ ነው። ክሌይ ያመነታ ነበር። ባርነት ይቅር የሚሉት ጥቂት ሰዎች የነፃነት ፓርቲ የሚባል አቋቁመው ጄምስ በርኒን አቆሙ። እነዚህ ሰዎች «ከሁለት ባሪያ አሳዳሪ አንዱን ምረጥ» ሲባሉ ሕሊናቸው እምቢ አላቸው። ኒው ዮርክ ላይ ፖልክ ክሌይን በ5 ሺህ ገደማ ድምፅ በለጠ። በርኒ እዚያ ከ15 ሺህ በላይ አግኝቶ ነበር። ኒው ዮርክ 36 ወኪሎች ነበሯት፤ ውጤቱን የወሰነችው እሷ ናት። በዓመቱ ቴክሳስ ባሪያ አሳዳሪ ግዛት ሆና ተቀላቀለች። የሜክሲኮ ጦርነት ተከተለ። ባርነትን የሚጠሉት ሰዎች ድምፅ ባርነትን አሰፋ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «አየህ!» ብሎ መደምደም ይቻል ነበር። አላበቃም። እነዚያው ሰዎች በ1848 ከሌሎች ጋር ሆነው የነፃ መሬት ፓርቲን መሠረቱ። 10 በመቶ ድምፅ አገኙ፣ አሁንም ተሸነፉ። በ1854 ደግሞ ከተበተነው የዊግ ፓርቲ ሰዎች ጋር ተቀላቅለው ሪፐብሊካን ፓርቲ ሆኑ። በ1860 አብርሃም ሊንከን በዚህ አዲስ ፓርቲ ስም ተመረጡ። ከ40 በመቶ ጥቂት ያነሰ ድምፅ ነበር ያገኙት። ተቃዋሚዎቻቸው በሦስት ስለተከፋፈሉ አሸነፉ የሚል ሰው አለ። ሦስቱ ቢደመሩም ግን ሊንከን ያሸንፉ ነበር፤ በቂ በሆኑ የሰሜን ግዛቶች ብቻቸውን ከግማሽ በላይ አግኝተው ነበርና። እንግዲህ በርኒን የመረጠ የኒው ዮርክ ገበሬ ድምፁን አባከነ ወይስ አላባከነም? በአራት ዓመት ካየነው አባክኗል፤ ከማባከንም አልፎ ጎድቷል። በአሥራ ስድስት ዓመት ካየነው የመሠረት ድንጋይ አስቀምጧል። በመሃል ግን ሰው ሞቷል፣ ሰው ተሽጧል። እኔ ይህን ሚዛን እስከ ዛሬ ማስተካከል አልቻልኩም። ስለዚህ ሕሊናዬ አልፈቀደም ብሎ ለትንሽ ፓርቲ የሚሰጥን ሰው መስደብም፣ ዝም ብሎ ማወደስም ይከብደኛል።

ዛሬ ግን የበርኒን መንገድ መድገም ቀላል አይደለም። በ2023 ጋለፕ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት 63 በመቶው አሜሪካዊ ሁለቱ ፓርቲዎች ስላልበቁን ሦስተኛ ያስፈልገናል ብሏል። በዓመቱ ምርጫው ሲደርስ ግን ትራምፕና ሃሪስ ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ ተካፈሉ። ሕዝቡ አስመሳይ ስለሆነ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሞሪስ ዱቨርዤ በ1950ዎቹ እንዳሳየው፣ አንደኛ የወጣ ሁሉን በሚወስድበት ደንብ መራጩ ራሱ ወደ ሁለት ይሰበሰባል። የምወደው አያሸንፍም፣ የምጠላው እንዳያሸንፍ ልከላከል ይላል። በዚህ ላይ ሌላ አጥር አለ። ስምን ወረቀት ላይ ለማውጣት እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ፊርማና ቀነ ገደብ አለው። ሃምሳ አንድ ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል፣ ገና ምርጫው ሳይጀመር። ለቴሌቪዥን ክርክርም ከ2000 ጀምሮ በአስተያየት ጥናቶች 15 በመቶ መሙላት ተጠይቋል። ፔሮ በ1992 ክርክሩ ሊጀመር ሲል ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ዛሬ ቢሆን በሩ ላይ ይመለሱ ነበር። በጁላይ 2025 ኢላን ማስክ የአሜሪካ ፓርቲን አቋቁሜያለሁ ሲል እንኳ የፕሬዚዳንቱን ወንበር አላለም። ጥቂት የሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ላይ ላተኩር ነው ያለው። የዓለም ባለጠጋ እንኳ ሂሳቡን አይቶ አነሰ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ብዙ ሰው ተስፋ የሚያደርገው በቅደም ተከተል መምረጥን ነው። መራጩ አንድ ስም ብቻ አያጠቁርም። አንደኛ እገሌ፣ ሁለተኛ እገሊት፣ ሦስተኛ እገሌ ብሎ ይደረድራል። አንደኛ ሆኖ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው እጩ ይወጣል። የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳል። በሌላ አነጋገር ወረቀቱ አብሮ አደጌን ይጠይቀዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሐሳብ አይደለም። ሜይን በ2018 ለምክር ቤት ምርጫ ተጠቅማበታለች። በሁለተኛው የምርጫ ወረዳ ሪፐብሊካኑ ብሩስ ፖሊኩዊን በመጀመሪያው ቆጠራ በ2 ሺህ ገደማ ድምፅ ይመሩ ነበር። የሁለቱ የግል ተወዳዳሪዎች መራጮች ሁለተኛ ምርጫ ሲቆጠር ዴሞክራቱ ጃሬድ ጎልደን 50.6 በመቶ አግኝተው አሸነፉ። በ2020 ሜይን ፕሬዚዳንትንም በዚህ መንገድ የመረጠች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች።

ፍጹም ግን አይደለም። የዚህን ደንብ ደጋፊዎች ይህን ሲሸፋፍኑ ሳይ ይከፋኛል። በ2022 አላስካ ላይ በተደረገው የማሟያ ምርጫ ዴሞክራቷ ሜሪ ፔልቶላ ሁለት ሪፐብሊካኖችን፣ ሳራ ፔሊንንና ኒክ ቤጊችን ገጠሙ። ቤጊች ሦስተኛ ስለሆኑ መጀመሪያ ከፉክክሩ ተሰናበቱ። በመጨረሻ ፔልቶላ ፔሊንን አሸነፉ። የተቆጠሩት ወረቀቶች ሲመረመሩ ግን ቤጊች ከፔልቶላም ከፔሊንም ጋር አንድ ለአንድ ቢገጠሙ ያሸንፉ ነበር። የብዙ ሰው ሁለተኛ ምርጫ መሆን ከመጀመሪያው ቆጠራ አላዳናቸውም። ድምፅ መከፋፈል ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ሕዝቡም ገና አላመነበትም። በኖቬምበር 2024 ኮሎራዶ፣ አይዳሆ፣ ኔቫዳና ኦሬገን ሐሳቡን ውድቅ አደረጉ። ፍሎሪዳና ቴነሲ ከዚያ በፊት በ2022 በሕግ ከልክለውታል። አላስካ ላይ ደንቡ ሳይሻር የተረፈው በጥቂት መቶ ድምፅ ብልጫ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ግን በዚያው ቀን 73 በመቶ ገደማው መራጭ ይሁን ብሏል። ሚኒያፖሊስ የከተማዋን ከንቲባ ከ2009 ጀምሮ የምትመርጠው በዚህ መንገድ ነው። እዚያ ያሉ ሐበሾች ቅደም ተከተል መደርደሩን ከብዙ ተወላጅ አሜሪካዊ ቀድመው ለምደውታል።

ለፕሬዚዳንት ምርጫ ሌላም ችግር አለ። ቆጠራው የሚያልቀው በየግዛቱ ነው። አንድ ጠንካራ ሦስተኛ እጩ ጥቂት ግዛቶች ቢያሸንፍና ማንም 270 ባይሞላ፣ ምርጫው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። እዚያ እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ካሊፎርኒያና ዋዮሚንግ እኩል ናቸው። በ1824 ምርጫ አንድሪው ጃክሰን በሕዝብ ድምፅም በወኪልም አንደኛ ሆነው፣ ምክር ቤቱ ግን ጆን ኩዊንሲ አዳምስን መረጠ። በ1968 ጆርጅ ዋላስ የዘር መለያየትን ይዘው ሲወዳደሩ ያሰቡት ይህንኑ ነበር። አምስት የደቡብ ግዛቶችን አሸነፉ፣ ግን ኒክሰን 270ን ስላለፉ ሳይሆንላቸው ቀረ። ሦስተኛ ፓርቲ ሁልጊዜ የደግ ሰው መሣሪያ አለመሆኑን ያ ምርጫ ያሳያል።

አብሮ አደጌ ግን ይህ ሁሉ ነገር እሱ ጋ ያለ መሆኑን አላስተዋለም ነበር። ጆርጂያ ለሴኔት ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ ትጠይቃለች። ማንም ካልሞላ ሁለቱ መሪዎች ሁለተኛ ዙር ይገጥማሉ። በኖቬምበር 2020 እሱ ከላይ እስከ ታች ሊበርታሪያን ነበር የመረጠው። ሴኔቱ ላይ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ፐርዱ 49.7፣ ዴሞክራቱ ጆን ኦሶፍ 47.9፣ ሊበርታሪያኑ 2.3 በመቶ አገኙ። ግማሽ የሞላ የለም። ስለዚህ ጃንዋሪ 5 ቀን 2021 ተመልሶ ተሰለፈ፤ ከሁለቱ አንዱን መረጠ። ኦሶፍ አሸነፉ፣ ሴኔቱም ወደ ዴሞክራቶች ዞረ። እዚያችው ወረቀት ላይ፣ ከሴኔቱ ከፍ ብሎ፣ የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ነበር። ባይደንም ትራምፕም ጆርጂያ ላይ ግማሽ አልሞሉም። ልዩነታቸው 11,779 ነበር። ሊበርታሪያኗ ጆ ጆርገንሰን 62,229 ድምፅ አግኝተዋል፤ ከእነዚያ አንዷ የአብሮ አደጌ ናት። ስለ ሴኔተሩ በጃንዋሪ እንደገና ጠየቁት። ስለ ፕሬዚዳንቱ ግን ሁለተኛ ጊዜ የጠየቀው አልነበረም።